የጓሮ አፈርን ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ መለወጥ፦ ከሁለት ሹካ እስከ ትዝታ ቅኝት

ሁለት ብረት ጓሮ ውስጥ ተክሎ ከድምፅ ማጉያ ጋር ማገናኘት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ድምፅ መውጣቱም አያጠራጥርም። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? አፈር ውስጥ የሚዘዋወረው ኤሌክትሪክ ባለቤቱ ብዙ ነው። ከጎረቤት ቤት የሚያፈተልክ የመብራት ኃይል አለ፤ የተከልነው ብረት ራሱ ሲበላ የሚያመነጨው አለ፤ ከሩቅ አገር መብረቅ የሚደርሰን አለ፤ በአፈሩ ውኃ ውስጥ የሟሟው ጨው አለ፤ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩትም አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱ አሠራር ከነማጣሪያው ቀርቧል። ማጣሪያውን ዘልሎ «አፈሩ ዘመረልኝ» ማለት ይቻላል፤ የዘመረው ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሊሆን ይችላል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዘንግ ከመትከላችሁ በፊት የውኃ ቧንቧና የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ በየት በኩል እንደሚያልፍ አረጋግጡ። የማታውቁት ቦታ ላይ አትቆፍሩ። የቤቱን ግራውንድ ሽቦ እንደ አንዱ ዘንግ ለመጠቀም አትሞክሩ። የምትሠሩባቸው ዕቃዎች ሁሉ በባትሪ ብቻ ይሥሩ፤ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ካገናኛችሁ ቻርጀሩ መነቀል አለበት። ይህ ለደኅንነትም ለድምፁ ጥራትም ነው፤ ቻርጀር የተሰካበት መሣሪያ የራሱን ጩኸት ይዞ ይገባል።

ዘንጎቹን እንደተከላችሁ ከማጉያው ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በመካከላቸው ያለውን ለኩ። ጤነኛ ግቢ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ሚሊቮልት፣ አንዳንዴም በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ነው። ከ1 ቮልት በላይ ካነበበ ሙከራውን አቁሙና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። አንድ ቦታ ላይ መስመር ወደ መሬት እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር ለሚሄድ ልጅ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ነጎድጓድ በጆሮ የሚሰማ ከሆነ ሽቦውን ነቅላችሁ ግቡ። ረጅም ሽቦ መሬት ላይ ዘርግቶ በጆሮ ማዳመጫ ማድመጥ በዝናብ ሰዓት የሚደረግ ነገር አይደለም።

ዘንጉ ከምን ይሁን?

ብዙ ሰው መዳብና ዚንክ የተቀባ ምስማር ይመርጣል፤ ምክንያቱም ሜትሩ ላይ 0.7 ወይም 0.9 ቮልት ሲታይ ያስደስታል። ይህ ቮልት ግን የአፈሩ ሳይሆን የዚንኩ ነው። አፈሩ እርጥበትና ጨው አቀረበ እንጂ የሚቃጠለው ማገዶ ዚንኩ ነው። ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ቤይን በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዚንክና መዳብ ቀብሮ የኤሌክትሪክ ሰዓት አስኬዷል፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። ማረጋገጥ የፈለገ መዳቡንና ምስማሩን አንድ ብርጭቆ የጨው ውኃ ውስጥ ይንከራቸው፤ አፈር በሌለበት ያው ቮልት ይመጣል።

ስለዚህ ሁለቱም ዘንጎች ከአንድ ዓይነት ነገር ይሁኑ። በቀላሉ የሚገኘው ሁለት ተመሳሳይ የስቴንለስ ስቲል ሹካ ነው። ስቴንለስ በመበየጃ ሊድ ስለማይያዝ ሽቦውን በጥርሶቹ መካከል አጥብቃችሁ ጠምጥሙና በፕላስቲክ ቴፕ አሽጉት፤ ሽቦው ራሱ አፈር እንዳይነካ። ከዚህ የሚሻለው የካርቦን ዘንግ ነው፤ አይዝግም፣ አይበላምም። ርካሽና ትልቁን የባትሪ ድንጋይ ስትከፍቱ መሐሉ ላይ የቆመው ጥቁር ዘንግ እሱ ነው። የሚከፈተው ተራው የዚንክና የካርቦን ባትሪ ብቻ ነው፤ አልካላይን የተጻፈበትንም ሆነ የስልክ ባትሪን በፍጹም አትንኩ። ጓንት አድርጉ፤ በዙሪያው ያለውን ጥቁር ዱቄት ጓሮ ውስጥ አትድፉ። ዘንጉን በሙቅ ውኃ አጥባችሁ በአሸዋ ወረቀት አሹት።

የመጀመሪያው አሠራር፦ በቀጥታ ማድመጥ

የሚያስፈልገው ኤል ኤም 386 የተባለ ባለ ስምንት እግር አይሲ (ድምፅ የሚያጎላ ቺፕ)፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 8 ኦም ትንሽ ስፒከር ወይም የጆሮ ማዳመጫ፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ቮሊዩም (የድምፅ ማስተካከያ) እና ጥቂት ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) ነው። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡት ወይም ሬዲዮ ከሚጠግኑት ዘንድ ይገኛል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ያለው ሰው ይህን ክፍል ዘልሎ መግቢያው ላይ ዘንጎቹን ይሰካ።

እግር 6ን ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ እግር 4ን እና እግር 2ን ከኔጌቲቩ ጋር አገናኙ። በእግር 1 እና በእግር 8 መካከል 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ስታስገቡ (ፖዘቲቩ ወደ 1) ማጉያው ከ20 እጥፍ ወደ 200 እጥፍ ያድጋል። አንደኛውን ዘንግ በ1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አሳልፋችሁ ወደ ቮሊዩሙ አንድ ዳር፣ የቮሊዩሙን መካከለኛ እግር ወደ አይሲው እግር 3፣ ሌላውን የቮሊዩም ዳርና ሁለተኛውን ዘንግ ወደ ኔጌቲቭ ውሰዱ። ድምፁ የሚወጣው ከእግር 5 ነው፤ በ220 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ስፒከሩ፣ ከዚያ ወደ ኔጌቲቭ። ከእግር 5 ወደ ኔጌቲቭ 10 ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ካላስገባችሁ አይሲው በራሱ ሊያፏጭ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፉጨቱን ለአፈር እንዳትሰጡት። ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ከማጥለቃችሁ በፊት ራቅ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ዘንጎቹን ከ10 እስከ 20 ሜትር አራርቃችሁ ተክሉ። የሚሰማው ወፍራም እንጉርጉሮ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንጉርጉሮው በ50፣ በ100፣ በ150 እያለ ይደረደራል፤ ትንሽ ስፒከር 50ውን ማውጣት ስለማይችል የሚደርሳችሁ በአብዛኛው ከላይ ያሉት ናቸው። ኃይሉ በእርግጥ በአፈሩ ውስጥ ማለፉን ለማወቅ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከዘንጎቹ ፍቱና እርስ በርስ አገናኟቸው። እንጉርጉሮው ከቀጠለ የመጣው በአየር ላይ በሽቦው በኩል ነው፤ ከጠፋ በመሬት ውስጥ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሙከራ ከሁሉም ይጥመኛል። አንዱን ዘንግ ባለበት ትታችሁ ሁለተኛውን በዙሪያው እያዞራችሁ በየተወሰነ እርምጃ ስኩ። እንጉርጉሮው በአንድ አቅጣጫ ይጎላል፤ ከዚያ ሩብ ዙር አካባቢ ስትደርሱ ይሳሳል፤ አንዳንዴ ጨርሶ ሊጠፋ ይቃረባል። ምክንያቱም በመሬት ውስጥ የሚፈሰው ኃይል አቅጣጫ አለው፤ ዘንጎቻችሁ በፍሰቱ ላይ አግድም ሲሰለፉ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት አይኖርም። ያ ጸጥተኛ መስመር ለቀጣዩ ሥራ ስለሚያስፈልግ በካስማ ምልክት አድርጉበት። መብራት የጠፋበት ምሽት ደግሞ ለዚህ ሥራ በረከት ነው፤ የሰፈሩ ጄኔሬተሮች ካልተነሡ በቀር መሬቱ ወዲያው ይጸዳል።

በጸጥተኛው መስመር ላይ ሆናችሁ መግቢያው ላይ ያለውን 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ0.01 ማይክሮ ፋራድ ቀይሩት። ከ10 ኪሎ ኦሙ ቮሊዩም ጋር ሆኖ ከ1,600 ኸርዝ በታች ያለውን ያደክማል፤ 50 ኸርዙ ወደ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። አሁን ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ የተበታተነ ጠቅታ ከሰማችሁ የሩቅ መብረቅ ነው። መብረቅ የሚረጨው የሬዲዮ ሞገድ ከፍተኛ ጉልበቱ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ጆሮ በሚችለው ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ ማጉላት እንጂ መተርጎም አያስፈልገውም። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የወደቀ መብረቅ ሊሰማ ይችላል። ጠቅታው ደካማ ነው፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ይጎላል። ግቢ ጠባብ ከሆነ ከከተማ ወጣ ብሎ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የራቀ ማሳ ላይ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ መዘርጋት ነው። ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ማታ፣ ሰማዩ በእናንተ ላይ ጥርት ብሎ ዳር ዳሩ ብቻ ሲብለጨለጭ ከተገኘ የተመቸ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ጦር የጠላትን የመስክ ስልክ ለመጥለፍ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ሁለት ዘንግ መሬት ላይ ተክሎ ማጉያ ማገናኘት። የፊዚክስ ሊቁ ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን በዚያ ሥራ ላይ ሳለ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እንግዳ ፉጨት ሰማ፤ በ1919 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ አወጣው። ፉጨቱ ከመብረቅ ተነሥቶ የምድርን የመግነጢስ መስመር ተከትሎ ጠፈር ደርሶ የሚመለስ ሞገድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ግን አትጠብቁት፤ የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው እኛ አጠገብ ነው፣ ፉጨቱ ደግሞ ከዚያ ራቅ ባሉ ኬክሮሶች ላይ የሚሰማ ነው። ኖርዌይ ወይም ሚኒሶታ ያለ ወገናችን የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛው አሠራር፦ አፈሩን የዜማው ቁልፍ ማድረግ

እዚህ ላይ የምንሰማው ከአፈር የሚወጣ ኃይል ሳይሆን አፈሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ነው። ልዩነቱን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ያም ሆኖ ለአትክልተኛ ከሁሉም የበለጠ የሚነግረው ይኸኛው ነው።

555 የተባለውን የጊዜ ቆጣሪ አይሲ ውሰዱ። ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እስካሁን የሚመረት፣ ርካሽና በቀላሉ የማይቃጠል ዕቃ ነው። እግር 8ን እና 4ን ከ9 ቮልት ፖዘቲቭ፣ እግር 1ን ከኔጌቲቭ አገናኙ። በእግር 8 እና 7 መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ። እግር 2 እና 6 እርስ በርስ ይያያዙ፤ ከእነሱ ወደ ኔጌቲቭ ዋልታ የሌለው 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይግባ። በእግር 7 እና በእግር 6 መካከል የሚገባው ሬዚስተር ደግሞ ራሱ አፈሩ ነው፤ አንድ የካርቦን ዘንግ ከ7፣ ሌላው ከ6። ከእግር 5 ወደ ኔጌቲቭ 0.01 ማይክሮ ፋራድ፣ ከእግር 3 ደግሞ በ220 ኦምና በ10 ማይክሮ ፋራድ በኩል ወደ ስፒከሩ።

የድምፁን ቁመት ማስላት ይቻላል። የአፈሩን መቋቋም በሁለት አባዙ፣ 1,000 ጨምሩ፣ በውጤቱ 1,440,000ን አካፍሉ። አፈሩ 400 ኦም ከሆነ 800 ኸርዝ፣ 2 ኪሎ ኦም ከሆነ 288፣ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ወደ 69 ይወርዳል። እርጥብ አፈር ይቀጥናል፣ ደረቅ አፈር ይጎረንናል ማለት ነው። የዚህ አሠራር አንድ ጥቅም አለ፤ ካፓሲተሩ ሲሞላ ኃይሉ በአፈሩ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል፣ ሲራገፍ በሌላው ይመለሳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢፈስ ኖሮ ዘንጎቹ ላይ ጋዝና ጨው እየተከማቸ ንባቡን ያበላሸው ነበር።

ዘንጎቹን 5 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቅ አድርጋችሁ ስኩና አንድ ጣሳ ውኃ አፍስሱ። ቀይ አፈር ላይ ውኃው ሲወርድ ድምፁ ቀስ እያለ፣ ሳይቋረጥ ይወጣል። በበጋ የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ዘንጎቹን ሳይነካ ይወርዳል፤ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ከነበረበት አይነቃነቅም፣ ከዚያ የስንጥቁ ግድግዳ ሲያብጥና ሲዘጋ በየደረጃው እየዘለለ ይወጣል። «ብዙ ውኃ አጠጥቼ ችግኙ ለምን ጠወለገ?» ለሚል ሰው ይህን ማሰማት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ሙቀትም ይጫወታል። የአፈር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ስለዚህ ያው አፈር ማለዳ ከቀትር ይልቅ ይጎረንናል። የሁለት ቀን ድምፅ ስታነጻጽሩ በተመሳሳይ ሰዓት የተቀዳውን አነጻጽሩ።

የማዳበሪያው ሙከራ

ረቂቅ ተሕዋስያን ሲሠሩ መስማት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። ሦስት የፕላስቲክ ኩባያ ተመሳሳይ አፈር በእኩል ክብደት ሙሉ። በመጀመሪያው ንጹሕ ውኃ ብቻ፣ በሁለተኛው ሩብ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ የሟሟበት ውኃ፣ በሦስተኛው ያንኑ ያህል ዳፕ ወይም ኤን ፒ ኤስ የሟሟበት ውኃ አፍስሱ፤ የውኃው መጠን በሦስቱም እኩል ይሁን። ዘንጎቹን በየተራ፣ በአንድ ዓይነት ርቀትና ጥልቀት፣ በየመካከሉ በውኃ እያጠባችሁ ስኩ። ርቀቱ እንዳይዛባ ሁለቱን ዘንጎች አንድ የእንጨት ቁራጭ ላይ በስታችሁ ማሰር ይጠቅማል።

ሦስተኛው ኩባያ ወዲያው ይቀጥናል፤ ማዳበሪያው ጨው ስለሆነ ሲሟሟ ኃይል ተሸካሚ አዮኖች ይለቃል። ዩሪያው ግን ከንጹሑ ውኃ ብዙም አይለይም፤ ምክንያቱም ዩሪያ ሲሟሟ ወደ አዮን አይከፈልም። አሁን ኩባያዎቹን ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ፕላስቲክ ሸፍናችሁ አንድ ጥላ ቦታ አስቀምጡና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አድምጡ። አፈር ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ዩሪዬዝ በተባለ ኢንዛይም ዩሪያውን ሰባብረው አሞኒየም ያደርጉታል፤ አሞኒየሙ አዮን ነው። ቀናት ሲያልፉ የዩሪያው ኩባያ ድምፅ ከንጹሑ ኩባያ እየተለየ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሽፋኑን ስታነሡ የአሞኒያ ሽታም ሊገጥማችሁ ይችላል። ማሳ ላይ ዩሪያ በትነው አፈር ሳያለብሱ ሲተዉት በከፊል ወደ አየር የሚጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ንጹሑ ኩባያ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ እሱም አብሮ ከቀጠነ የተሰማው የሙቀት ለውጥ እንጂ የተሕዋስያን ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው አሠራር፦ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጭቃ

ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ምግባቸውን ሲያብላሉ ኤሌክትሮን ወደ ውጭ ያስረክባሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጂኦባክተር የተገኘው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን አጠገብ ከሚፈሰው የፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ዘመዶቹ በየረግረጉ አሉ። አፉ ሰፊ የሆነ ማሰሮ ታች በክር የታሰሩ የካርቦን ዘንጎች (ካርቦን ጨርቅ ከተገኘ እሱ ይበልጣል) አስቀምጡ፤ ከላዩ አየር እንዳይቀር እየጠቀጠቃችሁ ጭቃ ሙሉ፤ አናቱ ላይ ሁለተኛውን ካርቦን ግማሹ አየር እንዲያገኝ አጋድሙ። መዳብም ዚንክም አታስገቡ፤ ዚንኩ የራሱን ቮልት ያመጣል፣ መዳቡ ደግሞ ባክቴሪያውን ይመርዛል። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይኑር። ቮልቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ለማነጻጸር በፕሬዠር ድስት በደንብ የተቀቀለ ጭቃ ያለበት ሁለተኛ ማሰሮ አዘጋጁ፤ እሱ ወደ ኋላ ሲቀር የመጀመሪያው ሥራ የሕያዋን መሆኑ ይታወቃል።

ጉልበቱ ስፒከር አያንቀሳቅስም። ስለዚህ በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልት በአርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጻፍበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አንብቡ። የአርዱይኖውን መለኪያ ከ5 ቮልት ወደ ውስጣዊው 1.1 ቮልት ማጣቀሻ ካዞራችሁት እያንዳንዱ እርከን ከ5 ሚሊቮልት ወደ 1 ሚሊቮልት ገደማ ይጠባል፤ ያለዚህ የጭቃው ለውጥ በእርከኖቹ መካከል ይጠፋል። በየደቂቃው አንድ ንባብ መዝግቡ፤ በቀን 1,440 ይሆናል። በሴኮንድ 24 ንባብ ካጫወታችሁ አንድ ቀን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰማል።

ንባቡን ወደ ድምፅ ስትቀይሩ መጀመሪያ በቀጥታ አድርጉት፤ ለምሳሌ እያንዳንዱን ሚሊቮልት ሁለት ኸርዝ አድርጉና ከ200 ጀምሩ። ደረቅ ነው፣ ጆሮ አይስብም፣ እውነቱን ግን አይደብቅም። ከዚያ በኋላ የፈለገ ወደ ትዝታ ይውሰደው፤ 262፣ 294፣ 330፣ 392 እና 440 ኸርዝ ሜጀር ትዝታን ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ንባብ በቅርቡ ወዳለው ድምፅ ይሳባል። ግን ልብ በሉ፤ በዚህ ቅኝት ውስጥ የገባ ቁጥር ሁሉ ያምራል። የባንክ ደብተር ቁጥርም ቢሆን ሆድ ያባባል። ለሙዚቃ ሥራ ከሆነ መልካም፤ አፈሩን ለማወቅ ከሆነ ግን ደረቁን ቅጂ አትጣሉ።

እያንዳንዱን ቅጂ ስታስቀምጡ ስሙ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአፈሩን ሙቀት፣ የዘንጉን ዓይነት፣ ርቀቱንና ጥልቀቱን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ውኃ የጠጣበትን ቀን እንዲሁም በዚያን ሰዓት መብራት መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ሹካዎቹን ግን ወደ ኩሽና አትመልሱ።